ያልጠራነውን ፓኬጅ ማን ጠራው? ሊኑክስ ሲዘመን ከተፍ የሚሉ አዳዲስ ጥገኞች

ማሽን ለማዘመን የሚቀመጥ ሰው የሚጠብቀው ያለው ነገር እንዲታደስ ነው። ተርሚናሉ ግን አንዳንዴ «የሚታደሱ 23፣ አዲስ የሚጫኑ 9» ዓይነት መልስ ይሰጣል። ዘጠኙ ከየት መጡ? ላይ ላዩን ሲታዩ «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚባሉት ይመስላሉ። ነገር ግን አንድም ፓኬጅ በራሱ እግር አይመጣም። የጠራው ሌላ ፓኬጅ አለ፣ ጥሪውም በጽሑፍ ተቀምጧል፤ እንዲህ በሌላ ፓኬጅ የሚጠራው «ጥገኛ» ይባላል። ሥራው ጠሪውን ማግኘት፣ የጥሪውን ዓይነት ማየት፣ ከዚያ «ግባ» ወይም «ተመለስ» ማለት ነው። ይህ ሁሉ የሚሠራው «ዋይ» የምትለዋን ፊደል ከመጫናችሁ በፊት ነው።

ለምሳሌ የያዝነው ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ ሊኖር የሚችል ትንሽ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ነው፦ ስምንት የተማሪ ማሽኖች በኡቡንቱ 24.04፣ አንድ ሰርቨር በዴቢያን 12 (ሁለቱም የሊኑክስ ስርጭቶች ናቸው)፣ ኢንተርኔቱ ሲም ካርድ በሚጎርስ ራውተር፣ መብራቱ ደግሞ በፈለገው ሰዓት ሊሄድ የሚችል። ሐረር ጀጎል ውስጥ አንድ ላፕቶፕ ብቻ ላለውም ትእዛዞቹ ያው ናቸው።

ሁለት ማሳሰቢያ። «ፓኬጅ» ስንል ሶፍትዌሩን ነው፤ በስልክ የሚገዛውን ዳታ «ጥቅል» እንለዋለን። ትእዛዞቹ ደግሞ እንደሚነበቡት በግዕዝ ፊደል ተጽፈዋል። ስትተይቧቸው በላቲን ትንንሽ ፊደላት አድርጉት፣ ሰረዙና ክፍተቱ ግን እንዳለ ይሁን።

ሦስቱ ማዘመኛዎች አንድ አይደሉም

ሁለት ሰዎች በአንድ ዓይነት ማሽን ላይ የተለያየ ዝርዝር ሲያዩ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም፤ የጻፉት ትእዛዝ ይለያያል። ሦስቱም የ«አፕት» ትእዛዞች ናቸው፤ አፕት በኡቡንቱና በዴቢያን ላይ ፓኬጅ የሚጭንና የሚያድስ ፕሮግራም ነው።

«አፕት-ጌት አፕግሬድ» ከሁሉም ቁጥቡ ነው። ያለውን ያድሳል፣ አዲስ አይጨምርም፣ ያለውንም አያጠፋም። አንድ ፓኬጅ ለመታደስ አዲስ ጥገኛ ካስፈለገው ባለበት ይተወውና «ኬፕት ባክ» ብሎ ይዘረዝረዋል።

«አፕት አፕግሬድ» አዲስ ጥገኛ ይጨምራል፣ ያለውን ግን አያጠፋም። ሰው ሁሉ በየቀኑ የሚጽፈው ይህንን ስለሆነ እንግዶቹም በብዛት የሚገቡት በዚሁ በር ነው።

«አፕት ፉል-አፕግሬድ»፣ በአሮጌው ስሙ «አፕት-ጌት ዲስት-አፕግሬድ»፣ ሁለቱንም ያደርጋል፤ ያመጣል፣ ያጠፋል። ዝርዝሩን ሳያነቡ እሱን መስማማት ያልተነበበ ውል ላይ መፈረም ነው።

ኡቡንቱ ላይ ሌላ የሚያደናግር ነገር አለ። «ፌዚንግ» በሚል ምክንያት የዘገየ ፓኬጅ ካያችሁ የጥገኝነት ችግር አይደለም። ኡቡንቱ አንዳንድ ዝመናዎችን ለሁሉም ማሽን በአንድ ቀን ሳይሆን ቀስ በቀስ ስለሚለቅ ተራችሁ አልደረሰም ማለት ነው። አትነካኩት።

ሳትጭኑ አስመስሉ

መጀመሪያ ዝርዝሩን አድሱ፤ ቀጥሎ የማስመሰያውን ውጤት ወደ ፋይል ጻፉ፦

ሱዶ አፕት-ጌት አፕዴት
አፕት-ጌት --ሲሙሌት ዲስት-አፕግሬድ > ዝመና

ሁለተኛው ምንም አያወርድም፣ ምንም አይጭንም፣ የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚሰጠውን ሱዶንም አይፈልግም። ፋይሉን በአማርኛ «ዝመና» ብላችሁ ብትሰይሙትም ሊኑክስ አይከፋውም።

ፋይሉን ስትከፍቱ መስመሮቹ በሦስት ቃላት ይጀምራሉ። «ኢንስት» ይጫናል፣ «ኮንፍ» ይስተካከላል፣ «ሬምቭ» ይጠፋል ማለት ነው። ዓይናችሁ መጀመሪያ «ሬምቭ» ላይ ይረፍ። ምንም ከሌለ ግማሹ ጭንቀት ቀለለ። ከዚያ «ኢንስት» የሚሉትን ተመልከቱ። ሁሉም «ኢንስት» አዲስ አይደለም፤ የሚታደሰውም በዚሁ ቃል ይጀምራል። መለያው ከስሙ ቀጥሎ ያለው ነው። ከስሙ አጠገብ በማዕዘን ቅንፍ አሮጌ እትም ካለ ፓኬጁ ቀድሞ የነበረ ነው። ማዕዘን ቅንፉ ተዘሎ በቀጥታ ክብ ቅንፍ ከመጣ ግን ከዚህ በፊት ማሽናችሁ ላይ ያልነበረ እንግዳ ነው። የእነዚያን ስም ወረቀት ላይ ገልብጡ። ብዙ ጊዜ ከአሥር አይበልጡም።

ቀጥሎ መጠኑን እዩ፦

ሱዶ አፕት-ጌት --አሱም-ኖ ዲስት-አፕግሬድ

ይህ ማጠቃለያውን አሳይቶ ራሱ «አይ» ብሎ ይወጣል። መጨረሻው ላይ ሁለት ቁጥሮች አሉ፣ ሰውም ያምታታቸዋል። የመጀመሪያው የሚወርደው ነው፤ ከጥቅላችሁ የሚቆረጠው እሱ ነው። ሁለተኛው ሲፈታ ዲስኩ ላይ የሚይዘው ቦታ ነው፣ ብዙ ጊዜም ይበልጣል። የሚወርደው 180 ሜጋባይት፣ የሚይዘው 600 ሜጋባይት ቢል ኢንተርኔታችሁ የሚከፍለው 180 ብቻ ነው። ስምንት ማሽን ካላችሁ ግን በስምንት ይባዛል፤ መላው ከታች አለ።

ጠሪውን ማግኘት

ከወረቀቱ ላይ አንዱን ስም ይዛችሁ እንዲህ ጠይቁ፦

አፕት-ካሽ አርዲፔንድስ --ኢንስቶልድ የእንግዳው-ስም

ማሽኑ ላይ ካሉት ፓኬጆች ውስጥ ይህን እንግዳ የሚፈልጉትን ይዘረዝራል። የአዲሶቹን እትሞች ጥሪ ጭምር ስለሚያይ ገና ያልተጫነ እንግዳም ቢሆን ጠሪው ይወጣል።

ውጤቱ ባዶ ቢሆንስ? ጠሪው ራሱ እንግዳ ነው፤ እንግዳ እንግዳ ይዞ መጥቷል። ያኔ «--ኢንስቶልድ» የሚለውን አውጡና ድገሙት። ረጅም ዝርዝር ይመጣል፤ ከወረቀታችሁ ጋር አስተያዩት። በሁለቱም ላይ ያለው ስም ጠሪው ነው፤ እሱን ደግሞ ማን እንደጠራው በዚያው መንገድ ጠይቁ። ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ላይ ከወጣችሁ ማሽኑ ላይ የነበረ አንድ ፓኬጅ ጋ ትደርሳላችሁ። የነገሩ ሥር እሱ ነው።

«አፕቲቱድ ዋይ» የሚለው ትእዛዝ ይህን ሰንሰለት በአንድ ጊዜ ያሳያል። አፕቲቱድ ግን ብዙ ማሽን ላይ ስለሌለ ጥገኛ ለመመርመር ሌላ ከነጥገኞቹ ልታስገቡ ነው። ለአንድ ጊዜ ሥራ አያስፈልግም።

ጥሪው ግዴታ ነው ወይስ ግብዣ?

ጠሪው ከታወቀ በኋላ አሮጌና አዲስ ጥሪውን ጎን ለጎን አድርጉ፦

ዲፒኬጂ --ስታተስ የጠሪው-ስም
አፕት-ካሽ ሾው የጠሪው-ስም

የመጀመሪያው አሁን ማሽኑ ላይ ያለውን እትም ያሳያል፣ ሁለተኛው ሊመጣ ያለውን። «ዲፔንድስ» እና «ሪኮሜንድስ» የሚሉትን መስመሮች አነጻጽሩ። አዲስ የተጨመረው ስም ያኔ ብቅ ይላል።

«ዲፔንድስ» ግዴታ ነው፤ ያለዚያ ፕሮግራሙ አይጫንም። «ፕሪ-ዲፔንድስ» የባሰ ግዴታ ነው፤ ጠሪው ከመፈታቱ በፊት ተጠሪው ተጭኖ ተስተካክሎ መጠበቅ አለበት። «ሪኮሜንድስ» ግብዣ ነው፦ አዘጋጁ «አብዛኛው ተጠቃሚ ይፈልገዋል» ብሎ ያስባል እንጂ ፕሮግራሙ ያለሱም ይነሳል። «ሰጀስትስ» ጥቆማ ብቻ ስለሆነ በተለመደው አሠራር ከቶ አይጫንም።

ነገሩን የሚያወሳስበው አፕት ግብዣውንም እንደ ግዴታ ማስገባቱ ነው። ዴቢያን ላይ ከ2009፣ ኡቡንቱም ላይ ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ «ሪኮሜንድስ» በራሱ ይጫናል። በዝመና ጊዜ ግን አንድ ልዩነት አለ። ቀድሞም የነበረና እናንተ ያልተቀበላችሁት ግብዣ በሚቀጥለው ዝመና ተመልሶ አይመጣም። አዲሱ እትም ለመጀመሪያ ጊዜ የጨመረው ግብዣ ግን ይገባል። «ባለፈው እምቢ ብዬው ነበር» የሚባለውና የሚመጣው ሁለት የተለያየ ነገር የሚሆነው ለዚህ ነው።

ድሮም የሚመጡት

አንዳንዱ እንግዳ የሚያስደነግጥ ይመስላል እንጂ የቤት ሰው ነው።

የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ዋነኛው ነው። «ሊኑክስ-ኢሜጅ-ጀነሪክ» የሚባለው ፓኬጅ ባዶ ነው፤ ሥራው የቅርቡን ከርነል መጥራት ብቻ ነው። ከርነሉ ደግሞ የእትሙን ቁጥር በስሙ ይዞ ስለሚመጣ፣ ባለፈው 6.8.0 ተብሎ መጨረሻው በሌላ ቁጥር ከነበረ፣ ለአፕት የዛሬው ፍጹም አዲስ ፓኬጅ ነው። ኢሜጁ፣ ሞጁሎቹ፣ ሄደሮቹ ተደምረው አራት አምስት «አዲስ» ይሆናሉ። ይህ የታሰበበት ነው፤ አዲሱ እምቢ ቢል በአሮጌው እንድትነሱ። ጣጣው ከርነሎቹ የሚቀመጡበት «ቡት» ለብቻው ትንሽ ክፍል ተቆርጦለት ከሆነ መሙላቱ ነው። ከማዘመን በፊት «ዲኤፍ» በሚለው ትእዛዝ ቦታውን እዩ፤ ከጠበበ «ሱዶ አፕት-ጌት አውቶሪሙቭ --ፐርጅ» አሮጌ ከርነሎችን ያነሳል፣ እየሠራችሁበት ያለውን አይነካም።

የላይብረሪ፣ ማለትም ፕሮግራሞች የሚጋሩት ኮድ፣ ስም መቀየርም እንዲሁ ነው። አንድ ላይብረሪ ከአሮጌ ፕሮግራሞች ጋር የማይግባባ ለውጥ ሲያደርግ ስሙ ላይ ያለው ቁጥር ይቀየራል። ዴቢያን 11 ላይ «ሊብኤስኤስኤል1.1» የነበረው ዴቢያን 12 ላይ «ሊብኤስኤስኤል3» የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። አሮጌው ሳይጠፋ አዲሱ ጎኑ ይቀመጣል።

ከዴቢያን 12 ወደ 13፣ ወይም ወደ ኡቡንቱ 24.04 የተሻገረ ሰው ደግሞ በስማቸው መጨረሻ ላይ «ቲ64» የተለጠፈባቸው ላይብረሪዎችን ያያል፤ «ሊብጂሊብ2.0-0» የነበረው «ሊብጂሊብ2.0-0ቲ64» ይሆናል። ምክንያቱ የሰዓት አቆጣጠር ነው። ጊዜን በ32 ቢት የሚቆጥሩ ፕሮግራሞች እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ቁጥሩ ያልቅባቸዋል። በእኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2030፣ በጥምቀት ዕለት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ማለት ነው፤ ታቦቱ ገና ከባሕረ ጥምቀቱ ሳይነሳ። ለውጡ የሚያስፈልጋቸው ባለ 32 ቢት ማሽኖች ናቸው፤ ስሙ ግን በሁሉም ላይ አንድ እንዲሆን ስለተፈለገ ባለ 64 ቢት ላፕቶፓችሁም አዲሱን ስም ይወስዳል። እነዚህን ማገድ አይቻልም፣ አያስፈልግምም። አሮጌው ሲጠፋ አዲሱ ቦታውን ይይዛል፤ ዝርዝሩ ላይ የምታዩት ጥፋትና ጭነት ጥንድ ጥንዱን ነው። ጥንድ የሌለው ጥፋት ካለ ግን ቁሙ፤ ብዙውን ጊዜ ከውጭ ማከማቻ (ከስርጭቱ ውጭ ካለ የፓኬጅ ምንጭ) የመጣ፣ በአዲሱ ስም ገና ያልተሠራ ፓኬጅ ነው።

አንድን ፓኬጅ ለሁለት መክፈልም አለ። የሰዓት ክልል መረጃ የያዘው «ቲዜድዳታ» በእነዚሁ እትሞች ላይ አሮጌ ስሞችን «ቲዜድዳታ-ሌጋሲ» ወደሚባል አዲስ ፓኬጅ አዛውሯል። «ዩኤስ/ኢስተርን» የሚል ስም የሚጠቀም ፕሮግራም ካላችሁ ሌጋሲውን ይፈልጋል፤ «አፍሪካ/አዲስ_አበባ» ግን ከዋናው ውስጥ አልወጣም።

በር ላይ የሚመለሱት

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ፤ ሰርቨር የሚያውከው ይሄኛው ነው።

ጥሪ አንዳንዴ «ይሄ ወይም ያ» ብሎ ይጻፋል። ከተዘረዘሩት አንዱ ማሽኑ ላይ ካለ አፕት በዚያ ይረካል። ከሌለ የመጀመሪያውን ያመጣል። የማሠልጠኛውን ሰርቨር እንውሰድ፦ ድረ ገጹን የሚያስተናግደው ኤንጂንኤክስ ነው፣ ገጾቹ የተጻፉበትን የፒኤችፒ ቋንቋ የሚያሠራለት ደግሞ «ፒኤችፒ8.2-ኤፍፒኤም» ነው፤ «ፒኤችፒ» የሚባለው ባዶ ጠሪ ፓኬጅም አብሮ ተጭኗል። ሰርቨሩ ወደ ዴቢያን 13 ሲሻገር ባዶው ፓኬጅ 8.4ን ይጠራል። 8.4 ደግሞ «የአፓቼ ሞጁል፣ ወይም ኤፍፒኤም፣ ወይም ሲጂአይ» ይላል፤ ሦስቱም የ8.4። ማሽኑ ላይ ያለው ኤፍፒኤም የ8.2 ስለሆነ አይቆጠርም። አፕት የመጀመሪያውን ይመርጣል፤ የአፓቼ ሞጁል አፓቼን፣ ማለትም ሌላ የድረ ገጽ አስተናጋጅ፣ ይዞ ከተፍ ይላል።

የዚያኑ ቀን ምንም አይታይም። ኤንጂንኤክስ ድረ ገጽ የሚቀርብበትን በር 80 ስለያዘው አፓቼ ለመነሳት ሞክሮ ይወድቃል፣ ሥራው እንደወትሮው ይቀጥላል። መዘዙ የሚመጣው መብራት ሄዶ ሲመለስ ነው። ማሽኑ እንደገና ሲነሳ በሩን ቀድሞ የያዘ ያሸንፋል፤ አፓቼ ከቀደመ ተማሪው በማሠልጠኛው ገጽ ፈንታ የአፓቼን የሰላምታ ገጽ ያያል። ዝመናው ከተደረገ ሁለት ሳምንት ሊያልፈው ስለሚችል የሚያገናኘው ሰው የለም። ጥፋቱ በመብራት ይላከካል።

መድኃኒቱ ኤፍፒኤሙን በስሙ አስቀድሞ መጥራት ነው። ወደ አዲሱ እትም ከመሻገራችሁ በፊት፦

ሱዶ አፕት-ጌት ኢንስቶል ፒኤችፒ-ኤፍፒኤም
ሱዶ አፕት-ጌት ሪሙቭ ፒኤችፒ

የመጀመሪያው የእትም ቁጥር የሌለው ጠሪ ስለሆነ ሁልጊዜ የጊዜውን ኤፍፒኤም ያመጣል። ሁለተኛው ኤንጂንኤክስ የማያስፈልገውን ባዶ ፓኬጅ ያነሳል። ከዚያ ማስመሰያውን ደግማችሁ አፓቼ ከዝርዝሩ መውጣቱን አረጋግጡ።

የፖስታ አገልጋይም እንዲሁ ሾልኮ ይገባል። ዲስኮችን የሚያጣምረው «ኤምዲአድም» ዲስክ ሲበላሽ ኢሜይል መላክ ስለሚፈልግ ፖስታ አመላላሽ ይጋብዛል። ዴቢያን ላይ የሚመጣው «ኤግዚም4»፣ ኡቡንቱ ላይ «ፖስትፊክስ» ነው። ግብዣ ስለሆነ መመለስ ይቻላል።

ሌላው መሸጋገሪያ ፓኬጅ ነው። ኡቡንቱ ላይ «ክሮሚየም-ብራውዘር» የሚለው ፓኬጅ በውስጡ ብራውዘር የለውም፤ «ስናፕዲ»ን ጠርቶ ብራውዘሩን በስናፕ፣ ማለትም በሌላው የኡቡንቱ የፕሮግራም ማከፋፈያ መንገድ፣ ያስወርዳል። ከ22.04 ጀምሮ ፋየርፎክስም እንዲሁ ሆኗል። ስናፕ ከአፕት ውጭ በራሱ ሰዓት ስለሚዘምን በዳታ ጥቅል ለሚኖር ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ሊኑክስ ሚንት በ2020 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) እትም 20 ላይ ያደረገው ስናፕዲን ከነጭራሹ መከልከል ነበር።

የማያስፈልግ ጥገኛ በሰርቨር ላይ ለምን እንደሚከፋ ማሳያው የኤክስዜድ ጉዳይ ነው። ማሽንን ከርቀት ለመቆጣጠር የሚያገለግለው የኤስኤስኤች አገልጋይ የኤክስዜድ መጭመቂያ ላይብረሪ በራሱ አያስፈልገውም። አንዳንድ ስርጭቶች፣ ዴቢያንና ፌዶራ ጭምር፣ አገልግሎቶችን ከሚያስነሳው ከሲስተምዲ ጋር ሊያገናኙት ሲሉ የሲስተምዲን ላይብረሪ አስገቡበት፤ እሱ ኤክስዜድን ይዞ መጣ። በኤክስዜድ 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ የተደበቀው የኋላ በር እስከ ኤስኤስኤች የደረሰው በዚህ ሰንሰለት ነው። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ገንቢ የኤስኤስኤች መግቢያ በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አጠራጥሮት ተከታተለውና መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ይፋ አደረገው። ወደ ዴቢያን የተረጋጋ እትም ሳይገባ ተያዘ።

እንዴት ይመለሳሉ?

ግብዣ የሆነውን ለአንድ ጊዜ ለመመለስ፦

ሱዶ አፕት-ጌት --ኖ-ኢንስቶል-ሪኮሜንድስ ዲስት-አፕግሬድ

ይህን ቋሚ ማድረግም ይቻላል፣ ለሰርቨርም ጥሩ ነው። ለዴስክቶፕ ግን አንመክርም። ምሳሌው ቅርብ ነው፦ ኔትወርክ-ማናጀር «ሞደምማናጀር»ን የሚጠራው በግብዣ ነው። ግብዣ በተዘጋበት ማሽን ላይ ኔትወርክ-ማናጀርን አዲስ የጫነ ሰው ዩኤስቢ ዶንግሉን ሲሰካ ማሽኑ ሞደሙን አያውቀውም። የጎደለውን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔቱ ያለው ደግሞ በዶንግሉ ውስጥ ነው።

ግዴታ የሆነውን ለመመለስ ያለው መንገድ ጠሪውን ባለበት ማቆም ነው፦

ሱዶ አፕት-ማርክ ሆልድ የጠሪው-ስም

የቆመ ፓኬጅ የደህንነት ዝመናም አያገኝም። ስሙንና ቀኑን ጽፋችሁ ማሽኑ ላይ ለጥፉ፤ «አፕት-ማርክ ሾውሆልድ» ይዘረዝራቸዋል፣ «አንሆልድ» ይለቃቸዋል። ሁለት ወር የቆመ ነገር አንድ ዓመት ለመቆየት አያፍርም።

አንድን ፓኬጅ ስሙን ጠርቶ መከልከል ከተፈለገ «/ኢቲሲ/አፕት/ፕሪፈረንስስ.ዲ/» ውስጥ ፋይል ከፍታችሁ ሦስት መስመር ጻፉ። እዚህ የቃላቱ መጀመሪያ ትልቅ ፊደል ነው፤ «ስናፕዲ»፣ «ሪሊዝ» እና «ኤ» ብቻ ትንሽ ይሆናሉ፦

ፓኬጅ: ስናፕዲ
ፒን: ሪሊዝ ኤ=*
ፒን-ፕራዮሪቲ: -10

ከዚያ በኋላ ስናፕዲ ባልተጫነበት ማሽን ላይ ስናፕዲን በግዴታ የሚጠራ ማንኛውም ፓኬጅ አይጫንም፣ አይታደስም። ስለዚህ ብራውዘር ከሌላ ቦታ ሳታዘጋጁ አትጀምሩት።

አንዴ አውርዶ ለስምንት ማብላት

ሰርቨሩ ላይ «አፕት-ካሸር-ኤንጂ» ጫኑ፤ አንዴ የወረደውን ፓኬጅ አስቀምጦ ለሌሎቹ ማሽኖች ያድላል። የሚያዳምጠው በበር 3142 ነው። በእያንዳንዱ የተማሪ ማሽን ላይ «/ኢቲሲ/አፕት/አፕት.ኮንፍ.ዲ/01ፕሮክሲ» የሚል ፋይል ከፍታችሁ ይህን ጻፉ፤ የሰርቨሩን አድራሻ በራሳችሁ ተኩ፣ ሴሚኮለኑንም አትርሱ፦

አኳየር::ኤችቲቲፒ::ፕሮክሲ "ኤችቲቲፒ://192.168.1.10:3142";

ሴሚኮለን ያልነው መጨረሻ ላይ ያለችውን፣ ከነጥብ ሥር ሰረዝ ያላትን ነው። የመጀመሪያው ማሽን 150 ሜጋባይት ካወረደ ሰባቱ ከሰርቨሩ ይቀዳሉ፤ 1,200 ሊሆን የነበረው 150 ሆኖ ይቀራል። ይህ የሚሠራው ማከማቻው በኤችቲቲፒ ሲሆን ነው። የዴቢያንና የኡቡንቱ ዋና ማከማቻዎች በዚያ ይሠራሉ፤ ኤችቲቲፒኤስ ብቻ የሚሰጡ የውጭ ማከማቻዎች ግን አይቀመጡም።

ማውረዱንና መጫኑን ለዩ። የሌሊት ጥቅል የሚጠቀም ማታ ይህን ይበል፦

ሱዶ አፕት-ጌት --ዳውንሎድ-ኦንሊ ዲስት-አፕግሬድ

መሃል ላይ መስመሩ ቢቋረጥ በድጋሚ ሲታዘዝ ካቆመበት ይቀጥላል። ጠዋት ያለ ኢንተርኔት ይጫናል። ለዚህ «አፕት» ሳይሆን «አፕት-ጌት» ተጠቀሙ። «አፕት» ጭኖ ሲጨርስ ያወረደውን ፋይል ይሰርዛል፤ «አፕት-ጌት» ግን «/ቫር/ካሽ/አፕት/አርካይቭስ» ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ወደ አሮጌ እትም መመለስ ቢያስፈልግ ያድናችኋል።

መብራት በጭነቱ መሃል ከሄደ፣ ሲመጣ በዚህ ቅደም ተከተል፦

ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር --ፔንዲንግ
ሱዶ አፕት-ጌት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል

የመጀመሪያው ተፈትተው ሳይስተካከሉ የቀሩትን ይጨርሳል። ሁለተኛው የጎደለ ጥገኛ ይሞላል፣ ነገር ግን «ለመጠገን» ብሎ ሊያጠፋም ስለሚችል ዝርዝሩን ሳታዩ አትስማሙ። ሰርቨሩን በኤስኤስኤች ከሌላ ማሽን የምታዘምኑ ከሆነ ተርሚናሉን ሰርቨሩ ላይ ክፍት በሚያቆየው «ቲመክስ» ውስጥ ሆናችሁ አዘምኑ፤ የእናንተ መስመር ቢበጠስም ሥራው እዚያው ይቀጥላል።

ገብቶ ካደረ በኋላ

«/ቫር/ሎግ/አፕት/ሂስትሪ.ሎግ» እያንዳንዱን ዝመና ከነሰዓቱና ከነተጻፈው ትእዛዝ ይመዘግባል። «ኢንስቶል» በሚለው መስመር ላይ ከስሙ ጎን በቅንፍ «አውቶማቲክ» የሚል ካለ በጥገኝነት የገባ ነው። አፓቼን እዚህ ብትፈልጉት የገባበትን ቀንና ደቂቃ ታገኛላችሁ።

በጥገኝነት የገባን ፓኬጅ አንድ ሰው «ሱዶ አፕት-ጌት ኢንስቶል» ብሎ በስሙ ከጠራው ምልክቱ ወደ «ማኑዋል» ይቀየራል፤ ከዚያ በኋላ አውቶሪሙቭ አይነካውም። ችግር ለመፍታት ላይብረሪ በእጅ እየጫኑ የሚሄዱ ሰዎች ማሽን ከዓመት በኋላ ማንም በማይፈልጋቸው ፓኬጆች የሚሞላው ለዚህ ነው። መመለሻው «ሱዶ አፕት-ማርክ አውቶ» ከነስሙ ነው። በግብዣ የገባም ጋባዡ እስካለ ድረስ በአውቶሪሙቭ አይወጣም፤ «ሱዶ አፕት-ጌት ፐርጅ» ብላችሁ በስሙ አስወጡት።

ፌዶራና አርች ላይ

ፌዶራ ላይ ሥራው ይቀላል፤ በአፕት ፈንታ ያለው «ዲኤንኤፍ» ዝርዝሩን ራሱ ይከፍለዋል። በግዴታ የመጡት ለብቻ፣ በግብዣ የመጡት «ዊክ ዲፔንደንሲስ» በሚል ርዕስ ለብቻ ይቀመጣሉ። ግብዣውን ለመተው «--ሴትኦፕት=ኢንስቶል_ዊክ_ዴፕስ=ፎልስ» ይጨመራል፤ «ፎልስ» በትልቅ ፊደል ይጀምር። የተጸጸተ ደግሞ «ዲኤንኤፍ ሂስትሪ ሊስት» ብሎ ቁጥሩን ያይና «ዲኤንኤፍ ሂስትሪ አንዱ» ከነቁጥሩ ይላል («አንዱ» እዚህ «ቀልብስ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው)፤ አሮጌዎቹ እትሞች አሁንም ማከማቻው ላይ ካሉ ይመለሳሉ።

አርች ላይ ያለው ሕግ አንድ ነው፦ ወይ ሁሉንም አዘምኑ ወይ ምንም አትንኩ። ዝርዝሩን ብቻ አድሶ አንድ ፕሮግራም መጫን አዲስ ላይብረሪ ያስገባና አሮጌዎቹን ፕሮግራሞች ላይብረሪ አልባ ያደርጋቸዋል። ጥቅል ቆጥባችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ «ቼክአፕዴትስ» በሉ፤ የማሽኑን ዝርዝር ሳይነካ የሚመጣውን ይነግራችኋል። ትእዛዙ ያለው «ፓክማን-ኮንትሪብ» በሚባል ፓኬጅ ውስጥ ነው፤ እዚያው ውስጥ ያለው «ፓክትሪ --ሪቨርስ» ደግሞ አንድን ፓኬጅ እነማን እንደጠሩት በዛፍ ቅርጽ ያሳያል።